ነጭ ምልክት፣ ጥቁር ምልክት

በወለጋ፣ በቢላ ከተማም ሆነ በነቀምቴ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ከዋንዛ የተሠራ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ወይም ላከር ተቀብቶ፣ የእንጨቱን መስመር እንዳሳየ እያብረቀረቀ ይወጣል። ወለጋ ደግሞ የቡና አገር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ጀበና ይቀመጣል። ውሎ አድሮ ክብ ነጭ ምልክት ሲወጣበት ባለቤቱ «ተበላሸ፣ ይፋቅ» ይላል። እኔ ግን ብርጭቆ ወረቀት ከመነካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ እላለሁ፦ ጉዳቱ ያለው ቅቡ ውስጥ ነው ወይስ እንጨቱ ውስጥ?

የምልክቱ ቀለም ራሱ ይናገራል። ነጭ ከሆነ ሙቀትና እርጥበት ቅቡ ውስጥ ገብተዋል፤ እንጨቱ ግን ደህና ነው። ጥቁር ከሆነ ውሃው ቅቡን አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚጠቁረው በእንጨት ውስጥ ያለ ታኒን እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኝ ነው። ነጩ ከላይ ይታከማል። ለጥቁሩ ግን ያንን ቦታ ፍቆ እንጨቱን መግለጥ ግድ ነው።

ቀጥሎ ቅቡ ምን እንደሆነ ይለይ። ጠረጴዛውን ገልብጠው፣ ከሥሩ በማይታይ ቦታ ቲነር የነካ ጥጥ ለጥቂት ሰከንድ ያሳርፉ። ቅቡ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከተጣበቀ ላከር ነው። ምንም ካልሆነ ወይም ከተጨማደደ ቫርኒሽ ነው። ይህች ትንሽ ፍተሻ ብዙ ልፋት ታድናለች፤ ምክንያቱም አዲስ ላከር አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ይሆናል፤ ቫርኒሽ ግን በደረቀ ቫርኒሽ ላይ የሚይዘው ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ለምሳሌ በ320 ቁጥር፣ ከሻከረ ብቻ ነው።

ላከር ላይ ላለ ነጭ ክብ፣ አልኮል ጠብ ያለበትና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ሳይጫኑ ቶሎ ቶሎ ማሳለፍ ይበቃል። ቅቡ ትንሽ ይለሰልስና የታሰረው እርጥበት ይወጣል። ጨርቁ ከራሰ ወይም አንድ ቦታ ከቆየ ግን ቅቡን ይልጣል። ቫርኒሽ ላይ ከሆነ ዘይት በነካ 1000 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብሎ ማሸት ይሻላል።

በክረምት የሚመጣ ሌላ ችግር አለ። ላከር በተረጨ በደቂቃዎች ውስጥ መላው ሰሌዳ እንደ ጉም ይነጣል። ብዙዎች ቲነሩን ይወቅሳሉ። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ግን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የሐምሌ አየር የተሸከመው እርጥበት እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ደጋግሞ መቀባት እርጥበቱን ከሥር ይቀብረዋል። አየሩ ደርቆ ሞቅ እስኪል ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ቢረጩበት ቅቡ ይከፈትና ጉሙ ይለቃል። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ላይ አውጥቶ መቀባት ፊቱን ቶሎ ያደርቅና የአየር አረፋ ያስቀራል፤ ጥላ ይሻላል።

ቅቡ ፈሶ ጠብታ ከሠራ ደግሞ ዋናው መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ውስጡ ሳይጠነክር ከተነካ ይቦጨቃል። ጥፍር ሲጫነው ምልክት የማይተው ከሆነ በምላጭ አናቱን በስሱ መፋቅ፣ ከዚያ በውሃ በራሰ 400 ቁጥር ወረቀት ማስተካከል፣ በ600 መጨረስ ነው። በመጨረሻም ቫርኒሹ የሚቀባው የታረመው ቦታ ላይ ብቻ አይሁን፤ ጠርዙ ይታያል። ያንን ሳንቃ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ሙሉውን ይቀቡት።