ረጃጅሞቹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሶች

ጥያቄ፦ ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንግሊዝኛ ስታነብ እንደ «አንፎርቹነትሊ» ያለ ረጅም ቃል ሲገጥማት ትደናቀፋለች፤ አንዳንዴም ዘላው ታልፋለች። እንዴት ላግዛት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ የብዙ ተማሪዎች ችግር ነው። በአማርኛ የተጻፈው ፊደል ሁሉ ይነበባል፤ የእንግሊዝኛ ሆሄያት ግን ሁልጊዜ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ፊደል ከመቁጠር ይልቅ ከቃሉ አሠራር መነሳት ይሻላል።

«ፎርቹን» ዕድል ማለት ሲሆን ስም ነው። «ፎርቹነት» ቅጽል ነው፤ ከፊቱ «አን» ሲገባ አሉታዊ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ «ሊ» ሲጨመር ደግሞ ተውሳከ ግስ ይወጣዋል። ቀለሞቹ 5 ናቸው፦ አን፣ ፎር፣ ቹ፣ ነት፣ ሊ። እያንዳንዱ ቀለም አንድ አናባቢ ድምፅ ብቻ ይይዛል። ጎልቶ የሚነበበው «ፎር» ነው፤ ሁሉንም እኩል ማጉላት ንባቡን ያከብደዋል።

«ቤሲክ»ን በመሰሉ ቅጽሎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተውሳከ ግስ ሲሆኑ ከ«ሊ» በፊት «ኤ» እና «ኤል» የተባሉት ሆሄያት ይጻፋሉ፤ በንግግር ግን «ቤ፣ ሲክ፣ ሊ» ተብሎ በ3 ቀለም ይነገራል። «ፐብሊክ» ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ «ሊ»ን በቀጥታ ይቀበላል።

ልጅዎ መጀመሪያ «ሊ»ን በጣቷ ሸፍና የቀረውን ታንብብ፤ ከዚያ ትጨምረው። የሚጎላውን ቀለም መዝገበ ቃላት ከፊቱ ትንሽ ጭረት አድርጎ ያሳያል። በአማርኛ ንባብም የምትቸገር ከሆነ ግን መምህሯን ያነጋግሩ፤ የዓይን ምርመራና የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ምክርም ሳይዘገይ ቢያገኙላት መልካም ነው።