ከፊልሙ መሐል ተነስቶ የሚወጣው

 

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ገባ። ንፋስ መውጫ ተያዘች፤ ደብረ ታቦር ከተማም በከባድ መሣሪያ ተመታች፣ በመኖሪያ ቤታቸው ሳሉ የሞቱ አሉ። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ከእናንተ ጋር ፊልም ያያል።

ፍንዳታን በስፒከር ብቻ የሚያውቅ ሰው በጦርነት ፊልም ይዝናናል። ሌላው ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይመታል፤ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። “ፈሪ” አትበሉት። የሚገርመው ሦስተኛው ነው፦ ጦርነቱን በዓይኑ አይቶ እንዲህ ያለውን ፊልም አጥብቆ የሚፈልግ። ጭካኔ አይምሰላችሁ። ፊልሙን በፈለገ ሰዓት ማቆም ይችላል፤ ያኔ ግን ማንም አላስቆመለትም። (አንዳንዱን ያሳርፈዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል።)

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ፣ ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ተኝቶ ነበር። ጓደኞቹ ገመዱን ሲወስዱበት ደነገጠ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድ ነገሯቸው። የወሰዱበት እኮ ገመድ ነው!

ዛሬ ከሶላት በኋላ ተሰብስባችሁ ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት አብሯችሁ ያለውን ጠይቁ። “ሌላ የለም?” ካለ፣ ለምን ሳትሉ ቀይሩት።