የእንቅርት ምርመራ በትምህርት ቤት

በደባርቅና በዳባት፣ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሕመሙ ከሕዝቡ ጋር ብዙ ዘመን እንደ ኖረ ይመሰክራል። ነገር ግን የተለመደ ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በዳባት ወረዳ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከአራት ልጆች ከአንድ በላይ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአንገታችን ፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ታይሮይድ የሚባል የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ ለሰውነት ሙቀት፣ ለዕድገትና ለአእምሮ መዳበር የሚያስፈልገውን ሆርሞን ይሠራል፤ ለዚህም ሥራው አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሻል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር ሴት 250 ማይክሮግራም ይበቃል፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። በተራራማ አገር ግን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ስለሚወስዱት፣ በዚያ የበቀለው ገብስና ድንች አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢውም ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ሲደክም ያብጣል።

እብጠቱ ግን ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን እጅግ ካነሳት፣ ሕፃኑ አእምሮው ሳይዳብር ወይም ደንቆሮ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ይህም ጉዳት በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። በትምህርት ቤትም ሰነፍ ተብሎ የሚቀጣው ልጅ፣ ምናልባት ዕጢው የደከመበት ሕመምተኛ ይሆናል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ልጁ ብርሃን ባለበት ስፍራ አንገቱን ገልጦ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጥቂት ውኃም ይዋጥ። የታይሮይድ እብጠት ሲዋጥ ከማንቁርት ጋር ወደ ላይ ይወጣል። እብጠቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከታየ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሳይታይ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ከተገኘ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ዳሰሳው ግን ለሠለጠነ የጤና ባለሙያ ይተው። መምህሩ ይህን ሲያይ በጓደኞቹ ፊት ልጁን አያሳፍረው፤ ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው።

የአንገት መጠን ብቻውን ዕጢው እንዴት እንደሚሠራ አይነግረንም። ይህን የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው። በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባል ዕጢ፣ ታይሮይድ ሲደክም እንደ አለቃ ትእዛዝ ያበዛል። ቲ ኤስ ኤች የተባለው ይህ ትእዛዝ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሲገኝ፣ ሐኪሙ ታይሮይዱ እንደ ደከመ ይረዳል። ብርድ የማይችል፣ ፊቱ የሚያብጥና ሁልጊዜ የሚደክመው ሰው፣ ወይም በተቃራኒው ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና እየበላ የሚከሳ ሰው ይህን ምርመራ ይጠይቅ። እብጠቱ ከጠጠረ፣ ፈጥኖ ካደገ፣ ድምፅን ካጎረነነ ወይም መዋጥን ከከለከለ ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል።

አንገትን በምላጭ መብጣት ወይም በእሳት መተኮስ አዮዲን አይጨምርም፤ ቁስል ግን ይጨምራል። መከላከያው በየቤቱ ያለው ጨው ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ታዟል። ስለዚህ አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ግዙ፤ አትጠቡት፤ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። የቆየ ትልቅ እንቅርት በጨው ላይጠፋ ይችላል፤ ገና በማኅፀን ላለው ልጅ ግን ይህ ጨው የአእምሮው ጠባቂ ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ብቻ ሳይሆን ለእናቶችም እንዲያደርሱ አደራ እንላለን።