የኢ-ሜይል ፕሮግራምን በጆሮ መመዘን

አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲሰናዳ አብረውት ከሚቀርቡት ፕሮግራሞች አንዱ የኢ-ሜይል ፕሮግራም ነው። ያልተመቸው ሰው ሌላ መጫን ስለሚችል ምርጫው ቀላል ይመስላል። አብሮ የቀረበው ፕሮግራም የማያናግረው ዐይነ ስውር ተማሪ ግን የሚሻለውን እስኪያገኝ ድረስ የግል ደብዳቤውን በሌላ ሰው ዐይን ለማስነበብ ይገደዳል።

ኮምፒዩተር የሚያነበው እንዴት ነው?

ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በዋናነት የሚሠራው በስክሪኑ ላይ በሚታየው ሥዕል አይደለም። ስለ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ስሙ ማን ነው? ተግባሩ ምንድን ነው? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? መልሱንም ወደ ድምፅ ወይም ወደ ብሬል ይለውጣል። የመላኪያው ቁልፍ የፖስታ ሥዕል ብቻ ኖሮት ስም ካልተሰጠው፣ አድማጩ የሚሰማው «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

የኡቡንቱ ምሳሌ

ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የያዘው ኢቮሉሽንን ነበር፤ በጥቅምት 2011 በወጣው 11.10 እትም ግን በተንደርበርድ ተካው። ኦርካ የተባለው ስክሪን ሪደር ሁለቱንም ይጠይቃል፤ መልሳቸው የሚመነጨው ግን ከተለያየ ቦታ ነው። ኢቮሉሽን በአብዛኛው የተገነባው ጂ.ቲ.ኬ. ከሚባለው የጋራ መሣሪያ ስለሆነ ብዙውን መልስ ከዚያ ያገኛል። ተንደርበርድ ግን መስኮቱን የሚሠራው በራሱ የሞዚላ ሞተር በመሆኑ መልሱንም ራሱ ያዘጋጃል። ከአሠራራቸው ብቻ ተነሥተን ልንፈርድ አንችልም፤ መፈተን ይኖርብናል።

ፈተናው

ስክሪን ሪደሩን ከፍተን፣ ማውሱን ነቅለን፣ ስክሪኑን አጥፍተን የሚከተሉትን በቅደም ተከተል እንሞክር፦

1. አካውንት መክፈት፤
2. በዝርዝሩ ውስጥ ላኪውን፣ ርእሱን፣ የተነበበውንና ያልተነበበውን መለየት፤
3. ደብዳቤውን መሥመር በመሥመር ማንበብ፤
4. መልስ መጻፍ፣ ፋይል ማያያዝና መላክ።

ውጤቱን በአማካይ አናሰላም። ሥራው በተከታታይ እንደተያያዘ የኤሌክትሪክ መሥመር ነውና፣ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ጅረቱ በሙሉ ይቆማል። ዝርዝሩ እየተነበበ ደብዳቤው ዝም ካለ፣ ተማሪው የፈተናው ቀን መለወጡን አያውቅም።

ፈተናው በየእትሙ ሊደገም ይገባል። ኢቮሉሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የደብዳቤ ማሳያውን ወደ ዌብኪት ለውጧል፤ ተንደርበርድም በ2023 በ115ኛው እትሙ የደብዳቤ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ሠርቷል። ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ የተለወጠ ፕሮግራም በቀድሞ ውጤቱ አይመዘንም። የምርጫው ዳኞችም በየዕለቱ በጆሯቸው የሚሠሩት ተጠቃሚዎች ሊሆኑ ይገባል።