የኤፒሲ ጂን መጥፋትና የዊንት መልእክት መስመር በትልቁ አንጀት ካንሰር

የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ያድሳል። በሽፋኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች ግርጌ ግንደ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ከእነርሱ የሚገኙት ሕዋሳት ወደ ላይ ሲወጡ መራባታቸውን አቁመው የየራሳቸውን ተግባር ይይዛሉ፤ በመጨረሻም ይረግፋሉ። ይህን ሥርዓት በዋናነት የሚመራው ዊንት የተባለው የመልእክት መስመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የመስመሩ መዛባት ዕጢን ለማስጀመር ብቻ ወይስ ለማቆየትም ያስፈልጋል የሚል ነው።

የዊንት መልእክት በሌለበት ጊዜ ኤፒሲ፣ አክሲንና ሌሎች ፕሮቲኖች ተጣምረው ቤታ-ካቴኒን እንዲወገድ ያደርጋሉ። መልእክቱ ሲደርስ ግን ጥምረቱ ይገታል፤ ቤታ-ካቴኒንም ተከማችቶ ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ ከቲሲኤፍ-4 ጋር ተጣምሮም የመራባት ጂኖችን ያስነሣል። ሚክ ከእነዚህ ጂኖች አንዱ መሆኑ በ1998 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ሚክ በበኩሉ የሕዋስን ክፍፍል የሚገታውን ፒ21ን ስለሚጫን ሕዋሱ መራባቱን ይቀጥላል።

በ1991 እ.ኤ.አ. በክሮሞዞም 5 ላይ ተለይቶ የታወቀው የኤፒሲ ጂን ሁለቱም ቅጂዎቹ ሲበላሹ ሕዋሱ መልእክት ሳይደርሰው መልእክት እንደ ደረሰው ይሠራል። ጉድለቱን በዘር የወረሱ ሰዎች ትልቁ አንጀታቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ ፖሊፖች ይሞላል። በዘር ባልመጣው የትልቁ አንጀት ካንሰርም የኤፒሲ ጉድለት በአብዛኞቹ ዕጢዎች ይገኛል። ፊሮንና ቮግልስታይን በ1990 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሞዴል መሠረት የኬራስና የፒ53 ለውጦች ሲታከሉ ፖሊፑ ደረጃ በደረጃ ወደ ካንሰር ያድጋል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ለጥያቄው መልስ ሰጥቷል። የኤፒሲ ሥራ እንዲመለስ ሲደረግ፣ የኬራስና የፒ53 ለውጦች ባሉባቸው ዕጢዎች እንኳ ሕዋሳቱ ወደ መደበኛ ተግባራቸው ተመልሰዋል፤ ዕጢዎቹም ከስመዋል። ስለዚህ የመስመሩ መዛባት ዕጢውን የሚያቆየውም ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ብልሽቱ ከተቀባዩ በታች በመሆኑ የዊንትን ከሕዋስ መውጣት ብቻ የሚያግድ መድኃኒት ኤፒሲ በጠፋበት ዕጢ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። ሁለተኛ፣ ከታች በቤታ-ካቴኒንና በቲሲኤፍ-4 ጥምረት ላይ ያነጣጠረ ሕክምና ጤናማውን ግንደ ሕዋስም ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ የምርምሩ ፈተና መስመሩን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን ዕጢውን የሚያከስም፣ ሽፋኑን ግን የማያደርቅ መጠን ማግኘት ነው።