የነቀዝ ክኒን ከመኝታ ቤት ይውጣ

ውጫሌ ላይ አዝመራ ሲገባ ማሽላው፣ በቆሎውና ባቄላው በማዳበሪያ ተሞልቶ ከአልጋ ሥር ወይም ከመደብ ጎን ይደረደራል። ነቀዝ ታየ ሲባል ከሱቅ ክኒን ይመጣና በጨርቅ ተቋጥሮ እህሉ መሐል ይቀበራል። ቤተሰቡም እዚያው ያድራል።

ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ገበያ ላይ ፎስቶክሲን ወይም ሴልፎስ ይባላል። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ባለ 3 ግራሙ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል፤ ነቀዝና ሕፃን አይለይም፣ ማርከሻም የለውም። እህልን ያለ መርዝ ማቆየት ግን ይቻላል።

ደረጃ 1፦ በደንብ አድርቁ
እህሉን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አስጡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክደኑ፣ ነቅንቁና 15 ደቂቃ ቆዩ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፤ መልሳችሁ አስጡት።

ደረጃ 2፦ ንፁሕ ቦታ አዘጋጁ
እህሉን አበጥሩ። ጎተራውን ጥረጉ፣ ስንጥቁን ምረጉ። የዘንድሮውን ከአምናው አትቀላቅሉ፤ ነቀዝ የሚሻገረው በዚህ ነው። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ድካማችሁ ለማሽላው፣ ለበቆሎውና ለባቄላው ይሁን።

ደረጃ 3፦ አየር አሳጡት
ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ አለው። ፕላስቲኮቹ አለመቀደዳቸውን አረጋግጡና ሙሉ። አየሩን በእጃችሁ አስወጡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሽፋን ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ ለየብቻ እሰሩ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አኑሩ፤ አይጥ ከበሳው ልፋቱ ከንቱ ነው። ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። ለጥቂት እህል ንፁሕና ደረቅ የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ አጥብቆ መክደን ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ክኒን ግድ ከሆነ
ሰውም ከብትም በማያድርበት የተለየ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ይሁን። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ከእሽጉ ወጥቶ በነጠላ የሚሸጥ ክኒን አትግዙ፤ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ተመዝግቦ እንዲሸጥ ያዛል።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን አትድገሙት
መርዝ የያዘ ሃይላንድ ወይም ጀሪካን ቢታጠብም ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አይሆንም። ብሱትና ከጥቅም ውጭ አድርጉት። ምንጭና ወንዝ ውስጥ አትጠቡት። በአካባቢው ያለው የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ይዞት የገባ መርዝ የሚሄድበት ቦታ አያገኝም።

ደረጃ 6፦ አደጋ ሲደርስ
የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ፣ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የደረት መጨነቅ፣ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ፣ በተለይ ብዙ ሰው አንድ ላይ ከታመመ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ሽታ አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዷቸው፤ ክኒን እንደነበረ ለሐኪሙ ንገሩ። የዋጠ ሰው ካለ ውኃ አታጠጡት፣ አታስታውኩት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አልጋ ሥር ያለውን ማዳበሪያ አስታውሱ። ክኒን ተቀብሮበት ከሆነ አትክፈቱት፤ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ጎረቤት እደሩ፤ ሲነጋ ባለሙያ ጥሩ።