የሃላይደጌን ሜዳ ስለ መጐብኘትና የሜዳ አህያን ስለ መጠበቅ

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ልከው ነበርና፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1882 ዓመት የፓሪስ ሊቃውንት ያን ዘር በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። ዛሬ ግን ከኢትዮጵያና ከኬንያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም፤ ቍጥሩም 3000 ገደማ ነው።

ከአዋሽ ፓርክ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ተከለለው ወደ ሃላይደጌ አሰቦት በረሓ የሚወርድ ሹም፥ ከአራዊቱ አስቀድሞ ውሃውን ይመልከት። የማታጠባዋ የሜዳ አህያ እስከ አምስት ቀን ውሃ ሳትጠጣ ትታገሣለች፤ የምታጠባዋ ግን ከሁለት ቀን በላይ አትችልም። ስለዚህ ጐብኚ በውሃው ዳር ድንኳን ቢተክል ወይም ከብት ቀኑን ሙሉ ቢይዘው፥ እናቲቱ ውርንጭላዋን አስከትላ በሌሊት ለመውረድ ትገደዳለች፤ ሌሊቱ ደግሞ የአንበሳና የጅብ ነው።

ቀጥሎ ሣሩን ይመልከት። ከአሜሪካ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ የአፋርን ቆላ እየወረረ ነው፤ በዚህም የሚራበው የሜዳ አህያ ብቻ ሳይሆን የአርብቶ አደሩም ከብት ነው። ከብቱ ራሱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ ይበትነዋልና፥ ከተወረረ ስፍራ የመጣ መንጋ ወደ ሜዳው ሳይለቀቅ ጥቂት ቀን በበረት ይቈይ። ችግኙም ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ ይነቀል፤ የተቈረጠ እንደ ሆነ ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል።